ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ እናቴ ከመቀመጫዋ ለመነሳት መደገፍ ጀምራለች፤ በ71 ዓመት ጡንቻ ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ግፊቷም በክትትል ተስተካክሏል። ባለፈው ዓመት በሳንባ ምች ታማ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጭኗ እየሳሳ ሄዷል፤ ከሶፋ የምትነሳው በእጇ ተደግፋ ነው፤ ደረጃውንም በየመሀሉ እየቆመች ትወጣለች። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሯ ደርሳ ስለምትመለስ እንቅስቃሴ አይጎድላትም ብለን ነበር። እኛም እንዳትደክም በማለት ዕቃ አናስነሳትም። ወንድሜ ክብደት ማንሳት ትጀምር ይላል፤ ጎረቤቶቻችን ግን በዚህ ዕድሜ አጥንት ይሰበራል ብለው ያስፈሩናል። ጿሚ ስለሆነች ምግቧም ያሳስበኛል። ምን ብታደርግ ይሻላል?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በዚህ ክርክር እኔ ከወንድምዎ ጋር ነኝ። ለእናትዎ የሚያስፈልጋቸው ጡንቻን የሚያስጨንቅ፣ ቀስ በቀስም የሚከብድ ሥራ ነው፤ የጠዋቱ የእግር ጉዞ ለልብ፣ ለደም ግፊትና ለመንፈስ ጥሩ ቢሆንም ይህን ሊተካ አይችልም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ ስንራመድ የጭን ጡንቻ የሚያወጣው ከአቅሙ ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ፣ ለዓመታት የለመደውን ጉዞ በየቀኑ ቢደግመውም እንዲወፍር የሚያስገድደው ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ከመምከሩ ሌላ፣ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን፣ የሰውነትን ሚዛን የሚያለማምድ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲጨመር ለይቶ የጠየቀው ለዚህ ነው።

ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የጡንቻ መመንመን በሕክምና ሳርኮፔኒያ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡለት አሜሪካዊው ተመራማሪ ኧርዊን ሮዘንበርግ ሲሆኑ፣ ቃሉ በግሪክኛ የሥጋ እጦት እንደማለት ነው። ጡንቻ መቀነስ የሚጀምረው በጎልማሳነት ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ ግን ይፋጠናል፤ ኃይሉ ደግሞ ከመጠኑ ቀድሞ ይወርዳል። ይበልጥ የሚጎዱት ፈጥነው የሚኮማተሩት ክሮች ናቸው፤ ከመቀመጫ ብድግ ለማለትና ሲያደናቅፈን ቶሎ እግር ጥሎ ለመቆም የምንጠቀመው በእነዚህ ስለሆነ፣ ችግሩ በመጀመሪያ የሚታወቀው ሲነሱና ሲሰናከሉ ነው። አማርኛችን የሰውን ኃይልም የእግርን መታጠፊያም «ጉልበት» በሚል አንድ ቃል መጥራቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ በአረጋውያን ክፍል የሚሠራ ሐኪምም ሁለቱን የሚፈትነው በአንድ ጊዜ ነው።

የእናትዎን የሆስፒታል ቆይታ ደግሞ እንዲሁ አልለፈውም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት፣ ጤናማ የሆኑና አማካይ ዕድሜያቸው 67 ዓመት የነበረ ሰዎች ለአሥር ቀናት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ሲደረግ፣ ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀንሶ ተገኝቷል። እነዚያ ትኩሳትም ሆነ የምግብ ፍላጎት ማጣት ያልነበረባቸው ሰዎች ናቸው። ወጣት ከእንዲህ ያለው ጉዳት በራሱ ጊዜ ያገግማል፤ አረጋዊ ግን ካልታገዘ ባለበት ሊቀር ይችላል። «አርፈው ይተኙ» የሚለው ምክር ከእኛ ከሐኪሞችም አፍ ከሚገባው በላይ እንደሚወጣ አምናለሁ።

እንቅስቃሴው ከመጀመሩ በፊት አንድ ፈተና በቤታችሁ አድርጉ። ሶፋ ዝቅተኛና ለስላሳ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም፤ ጠንካራ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ከግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ፣ እናትዎ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ በተከታታይ እንዲነሱና እንዲቀመጡ አድርጉ፤ እርስዎም አጠገባቸው ቆመው በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። የአውሮፓ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት መመዘኛ፣ ይህን ለመጨረስ ከ15 ሰከንድ በላይ የወሰደበት ሰው የጡንቻ ኃይሉ ቀንሷል ተብሎ ይጠረጠራል። እናትዎ ያለ እጅ ድጋፍ ጨርሶ መነሳት ካቃታቸውም መልሱ ያው ነው። ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፉት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ሥጋ መቀነስን ሁሉ ግን በእርጅና አናሳብ። ኪሎ ሳይፈልጉ መቀነስ፣ የሌሊት ላብ፣ የቆየ ሳል ወይም የምግብ ፍላጎት መጥፋት ካለ፣ ከስፖርቱ በፊት የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር በሽታ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባትና ካንሰር መመርመር አለባቸው። ፕሬድኒሶሎንን የመሳሰሉ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱም የጭን ጡንቻን ያሳሳሉ፤ ስለዚህ በቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ ለሐኪማቸው ያሳዩ። አንድ ወገን እጅና እግር በድንገት ቢዝል ደግሞ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ዕድሜው አልፏል ለሚሉት፣ በቦስተን የተደረገውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ዕድሜያቸው 90 ዓመት አካባቢ የሆኑ አሥር የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎችን ለስምንት ሳምንት ከበድ ያለ የእግር ክብደት ሲያሠራ፣ ፕሮግራሙን የጨረሱት የጭን ኃይላቸው በአማካይ 174 በመቶ ጨምሯል። ያው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1994 ሥራውን በ100 ሰዎች ላይ አስፍቶ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 87 በሆነ ተሳታፊዎች ላይ በአሥር ሳምንት የጡንቻ ኃይል ከእጥፍ በላይ ማደጉን አሳይቷል፤ በዚሁ ጥናት ገንቢ መጠጥ ብቻ ተሰጥቷቸው ስፖርት ያልሠሩት ግን በኃይል ረገድ ያተረፉት ነገር አልነበረም። በየሱቁ «ለአረጋውያን ኃይል ሰጪ» ተብሎ በውድ የሚሸጠውን ዱቄት ለመግዛት ለሚያስቡ ይህ የመጨረሻው ውጤት በቂ መልስ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዋናው ከወንበር መነሳት ነው፤ ሌላውን ሁሉ ትተው ይህን ብቻ ቢሠሩ ግማሽ መንገድ ሄደዋል። መጀመሪያ ላይ የወንበሩን ከፍታ በታጠፈ ጋቢ ወይም ጠንከር ባለ ትራስ ጨምሩላቸው። እናትዎ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ተረከዛቸውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው፣ ደረታቸውን ወደ ፊት አዘንብለው ይነሱ፤ ሲቀመጡ ግን ዱብ ሳይሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እስኪባል በዝግታ ይውረዱ፤ በመውረዱ ጊዜ ጡንቻው የሚሠራው ሥራ ከመነሳቱ አያንስም። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ሠርተው ሁለት ደቂቃ ይረፉና አንድ ዙር ይድገሙ። ልኩ የሚታወቀው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜያት ነው፤ እነዚያ ካልከበዱ ሥራው ቀሏል ማለት ነው። አሥራ ሁለቱን በሁለት ተከታታይ ቀጠሮ ያለ ችግር ከጨረሱ ጋቢውን አንሱት፤ ቀጥሎ እጃቸውን ያጣምሩ፤ ከዚያ አንድ ኪሎ ስኳር ደረታቸው ላይ አቅፈው ይነሱ፤ ከዚያም ሁለት ኪሎ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጀምሮ ወራት ሙሉ በዚያው ልክ ይቀጥልና «ሞከርነው፣ ለውጥ የለውም» ይላል።

ከዚህ ጋር የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዘው በእግር ጣቶች ላይ ከፍ ማለትና በቀስታ መውረድ የባትን ጡንቻ ያጠነክራል፤ በሁለት እጅ ውኃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ከትከሻ ወደ ላይ መግፋትም ለክንድ ይበቃል። ለሚዛን፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው ብቻ ነክተው አንድ እግራቸውን አሥር ሰከንድ ያንሱ፤ በዚህ ጊዜ ሰው ከአጠገባቸው አይለይ። የክብደቱ ሥራ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ መሀሉ ላይ አንድ ቀን እያረፉ ቢሆን ይመረጣል። የደም ግፊት ስላለባቸው በሚነሱበት ጊዜ ትንፋሽ ማፈን የለባቸውም፤ ሲነሱ ጮክ ብለው ቢቆጥሩ ትንፋሹ ራሱ ይወጣል። ደረጃውም ቢሆን ስፖርት ነው፤ የሚያሰጋው መውረዱ ስለሆነ ግን የደረጃውን እጀታ ሳይለቁ ይውረዱ።

ስግደት ይቆጠራል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ታካሚዎች አሉ። ወደ መሬት ወርዶ በክንድና በጭን ተገፍቶ መነሳት በእርግጥ ከባድ የጡንቻ ሥራ ነው፤ የጉልበት ሕመም የሌለበትና ሲነሳ የማያዞረው ሰው ይጠቀምበታል። ነገር ግን ጸሎት በሐኪም ትእዛዝ የሚመጠን ነገር አይደለም፤ በዐቢይ ጾም በዝቶ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት የሚቆም በመሆኑም፣ ጡንቻው ያገኘውን በዚያው ያጣል። ስለዚህ ወንበሩ ዓመቱን ሙሉ ይቀጥል።

ስለ ምግብ ያሳሰብዎት ተገቢ ነው። ለጤናማ አረጋውያን የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ይደርሳል። በፍስክ ቀን እንቁላል ስድስት ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ስምንት ግራም ያህል ይሰጣል። በጾም ቀን ግን 100 ግራም የተቀቀለ ምስር የሚሰጠው ዘጠኝ ግራም ገደማ በመሆኑ፣ በእንጀራ ላይ የፈሰሰ ቀጭን ሽሮ አይበቃም። ሽሮው ወፈር ይበል፤ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ በየገበታው ይኑሩ፤ ጾሙ ሲፈታም ሁሉንም በአንድ ማዕድ ከመጫን በሁለት ጊዜ ይብሉ። ክብደታቸው እየቀነሰ ከሄደ ጉዳዩን ለንስሐ አባታቸው ቢያማክሩ፣ ለደካማና ለሕመምተኛ ቤተ ክርስቲያን ራሷ መላ አላት። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ፕሮቲን አይጨምር።

የጎረቤቶቻችሁ ስጋት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሆኖም በአረጋውያን አጥንት በአብዛኛው የሚሰበረው በመውደቅ ነው፤ መውደቅን ከሚያበዙት አንዱ ደግሞ ይኸው የጭን መዛል ነው፤ በልክ የሚጨመር ክብደት አጥንትንም ያጠነክራል። ቀደም ብሎ የአከርካሪ ወይም የዳሌ ስብራት የደረሰበት ሰው ብቻ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እጅ ቢጀምር ይሻላል። ከሥራው በኋላ አንድ ሁለት ቀን የሚቆይ የጡንቻ ቁርጥማት የተለመደ ነው። የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ ግን ወዲያው ይቁም፤ ሳይመረመሩም አይቀጠል።

እናንተ ልጆች ደግሞ ከፍቅር የተነሳ የነጠቃችኋቸውን ሥራ መልሱላቸው። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይዘው ቢወጡ፣ የቡናውን ረከቦት ራሳቸው ቢያነሱ፣ ሊጡን ቢያቦኩ የሚጎዳቸው ነገር የለም። ከስምንት ሳምንት በኋላ ያንኑ የአምስት ጊዜ ፈተና በዚያው ወንበር ደግማችሁ ከጻፋችሁት ቁጥር ጋር አስተያዩት። በትክክል ሠርተው፣ እየጨመሩ ሄደው፣ በቂ ምግብም አግኝተው ቁጥሩ ካልተሻሻለ፣ ወረቀቱንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ይዛችሁ ወደ ሐኪማቸው ውሰዷቸው።