ልጄን ድሬዳዋ ላይ የቆዳ ሽፍታ ወረረው

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ለፋሲካ ድሬዳዋ እናቴ ጋ መጥተን በማግስቱ የአንድ ዓመት ተኩል ልጄ አንገቱና ደረቱ ላይ ደቃቅ ቀይ ሽፍታ ወጣበት። እኔንም ጡቴ ሥርና ወገቤ ላይ ወጋ ወጋ እያደረገ ያሳክከኛል። ልጁ ትኩሳት የለውም፣ ይበላል፣ ይጫወታል። እናቴ ቫዝሊን ቀቢው ትለኛለች፣ ጎረቤት ደግሞ ቅቤ። የቱ ይሻላል? ሰኔ ላይም ልንመለስ አስበናል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ተያቸው። እንዳልሽው ከሆነ የሙቀት ሽፍታ ነው የሚመስለው። ላብ የሚወጣባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ሲደፈኑ ላቡ ቆዳ ሥር ይቀርና እዚያው ይቆጠቁጣል፤ ቫዝሊንና ቅቤ ደግሞ የተደፈነውን ይብስ ይደፍኑታል። እናትሽ ለልጅ ልጃቸው አስበው ነው፤ የአዲስ አበባ ብርድ ላደረቀው ጉንጭ ቢሆን ቫዝሊን ጥሩ ነበር፣ ለድሬ ሙቀት ግን አይሆንም።

አሁን የሚያስፈልገው ማቀዝቀዝና ማድረቅ ብቻ ነው። ቀዝቀዝ ባለ ውኃ ያለ ሽቶ ሳሙና አለቅልቂው፣ በፎጣ ሳትፈትጊ ጠቅ ጠቅ አድርገሽ አድርቂው፣ ከዚያ ዳይፐሩን አውልቂለትና ማራገቢያ ባለበት ክፍል ራቁቱን ይጫወት። ብርድ ይመታዋል ቢሉሽም አይመታውም! የአንገቱን እጥፋት ዘርጋ አድርገሽ እዪ፣ ላብና ወተት የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ፓውደር አትነስንሺበት፣ ብናኙን ወደ ሳንባው ይስበዋል። ማሳከኩን ካላሚን የሚባል ቆዳ ላይ የሚቀባ ፈሳሽ መድኃኒት ያበርደዋል፣ ፋርማሲ ታገኛለሽ። አንቺ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ክሬም ስስ አድርገሽ ለጥቂት ቀን መቀባት ትችያለሽ፣ ለልጁ ግን ሐኪም ሳያዝ አይሆንም። ሰውነታችሁ ከቀዘቀዘ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠፋል።

ለሰኔው፣ ገና ከአዲስ አበባ ስትነሱ በሹራብ ላይ ሹራብ አትደርቢበት። መኪናው ቆላ ሲወርድ አውልቂለት፣ መስኮትም ይከፈት። ድሬ ስትደርሱ ናይለን ነገር ይቅር፣ እሱ ሰፊ የጥጥ ካናቴራ፣ አንቺም እንደ ከተማው ሴቶች ሰፋ ያለ ስስ ቀሚስ ልበሱ። በጠራራ ፀሐይ አዝለሽው ረጅም መንገድ አትሂጂ፤ የሱ ደረትና ያንቺ ጀርባ ተጣብቆ ሲያልበው ሽፍታው መጀመሪያ የሚወጣው እዚያው ነው። ውኃ ቶሎ ቶሎ ስጪው።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ሽፍታው መግል ከቋጠረ፣ ካበጠ ወይም ከነካሽው የሚያመው ከሆነ ሐኪም ይየው። ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ድሬዳዋ ላይ በ2006 ዓ.ም. ደንጊ የሚባል በሽታ፣ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ የሚባል ሌላ በሽታ ገብቶ ነበር፣ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቀን ላይ የምትናከስ ትንኝ ናት፣ ሁለቱም ትኩሳትና ሽፍታ ያመጣሉ። ያኔ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ እስኪመረመርም አስፕሪንም ኢቡፕሮፌንም አትስጪው።