ማስተርስ ለምትጀምሩ የላቦራቶሪ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ጥያቄ ይዛ መጣች። ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ስትሠራ ቆይታ አሁን እዚሁ ሐረር ማስተርስ ልትጀምር ነው። «ጋሼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ያለፉትን ዓመታት ውጤት ከመዝገብ ላይ ብሰበስብ ይሻላል ወይስ ናሙናውን ራሴ ብወስድ? የመዝገቡ ቶሎ ያልቃል ይሉኛል» አለችኝ።

የሚሏት እውነት ነው፤ ቶሎ ያልቃል። እኔ ግን እዚያው መልስ መስጠት አቃተኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ይህንኑ የምትጠይቁ ልጆች ብዙ ስለሆናችሁ መልሱን በጽሑፍ አደረግኩት።

ሥራ የጀመርኩት ድሬዳዋ ነው። ሆስፒታሉን በስም አልጠራውም። ላቦራቶሪው ጠባብ ክፍል ነበር፤ ማይክሮስኮፖቹ መስኮት ሥር፣ ሴንትሪፊውጁ በሩ አጠገብ። አለቃችን በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ያደጉት ከዚራ ሰፈር ነው። ሲናደዱ ፈረንሳይኛ፣ ሲጫወቱ ኦሮምኛ፣ ሥራ ሲያዙ አማርኛ ይናገራሉ። የድሬ ሰው እንዲህ ነው። ዲግሪ አልነበራቸውም። እንደ እሳቸው ደም የሚያነብ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ስለ ውሃ ነው። ድሬ የኖረ ያውቀዋል፤ የከተማው ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋግራል። በዚያ ውሃ ጊምሳ (ስላይድ በሚባለው ቀጭን መስታወት ላይ የተቀባው ደም የሚቀለምበት) ተበጥብጦ ካዩ ያለ አንድ ቃል ወስደው ይደፉታል። ቀለሙ የሚበጠበጥበትን ባፈር ራሳቸው ነበር የሚያዘጋጁት። ፒኤቹ 7.2 መሆን አለበት። ከዚያ ከፍ ካለ ስላይዱ በሙሉ ይሰማያል፣ ዝቅ ካለ ይቀላል። ቪቫክስ በሚባለው የወባ ዓይነት የተያዘው ሴል ላይ መታየት ያለባቸው ሮዝ ነጠብጣቦችም አይለዩም። ቲክ ፊልም (ወፈር ተደርጎ የተቀባ ደም) ደግሞ በድሬ ሙቀት ብዙ ሰዓት ከቆየ ራሱን በራሱ ፊክስ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ቀይ ሴሉ አልታጠብ ይላል፣ ጥገኛውም ይሸፈናል። ስለዚህ ለነገ የሚባል ስላይድ አልነበረንም። ይህን ከመጽሐፍ ያነበብኩት በኋላ ነው። ያወቅኩት ግን ከእሳቸው እጅ ነው።

ሳጥኑን ልንገራችሁ። የእንጨት ሳጥን ነው፤ ጎንና ጎኑ ጥርስ ወጥቶለት በእያንዳንዱ ጥርስ መሀል አንድ ስላይድ ይቆማል። አንዱ ሲሞላ ሌላ ያሠራሉ። ለየት ያለ ነገር ባዩ ቁጥር ስላይዱን አይጥሉም። ለማይክሮስኮፑ የተደረገበትን ዘይት በዛይሊን ይጠርጉታል፣ ጫፉ ላይ ቁጥር ይጽፉበታል፣ ያስቀምጡታል። የበሽተኛው ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ታሪኩ ያለው ደብተሩ ላይ ነው። ከየት ሰፈር መጣ፣ ስንት ቀን አተኮሰው፣ ቀድሞ ምን መድኃኒት ወሰደ፣ ሀኪሙ ምን ጠረጠረ። በስተመጨረሻ አንድ ዓምድ አለች፤ «መጨረሻ» ትላለች። ዳነ፣ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፣ አረፈ። ያቺን ዓምድ ለመሙላት አለቃችን ከሥራ ሰዓት ውጭ ዋርድ ለዋርድ ይዞሩ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አልከፈላቸውም።

አንድ ክረምት የቀን ሠራተኛ የሆነ ወጣት በከፍተኛ ትኩሳት መጣ። የታዘዘለት ቢኤፍ ነው፤ የወባ የደም ምርመራ። እኔ ማይክሮስኮፑ ላይ ነበርኩ። «ወባ የለም» አልኳቸው። «ወባ የለም አልክ። ሌላስ ምን አለ?» አሉኝና ወንበሬን ተረከቡ። ትንሽ ዞር ዞር አደረጉና «ና እይ» አሉኝ። በቀይ ሴሎቹ መሀል እንደ ተፈታ የስፌት ክር የተጠማዘዘ፣ በጣም ቀጭን፣ ሐምራዊ ነገር ተኝቷል። ቦሬሊያ ነው፤ በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት።

በዚያ አላበቁም። ከሳጥኑ ሌሎች ስላይዶች አወጡ። አንዱ ላይ ቦሬሊያው ብዙ ነው፣ አንዱ ላይ ፈልጎ ማግኘት ያደክማል፣ አንዱ ላይ ደግሞ ያለው ቦሬሊያ አይደለም፤ ደም ሲረጋ የሚፈጠር ክር፣ የፋይብሪን ቁራጭ ነው። «ለይ» አሉኝ። እስክለይ ድረስ አላስነሱኝም። ከዚያ ወረቀቱን ይዘን አብረን ዋርድ ሄድን። ውጤቱን በተላላኪ ያልላኩበትን ምክንያት መንገድ ላይ ነገሩኝ። የግርሻ ትኩሳት ያለበት ሰው የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ሲወስድ ባክቴሪያው በአንዴ ይሞትና ሰውዬው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይብሳል፣ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ሀኪሙ ከመርፌው በፊት ማወቅ አለበት፣ ነርሷም አጠገቡ መሆን አለባት። ወጣቱ ዳነ። ስላይዱም ቁጥር ተሰጠውና ሳጥኑ ውስጥ ገባ።

ከዓመታት በኋላ እኔ ለማስተርስ አዲስ አበባ ሄድኩ። እዚያ ሳለሁ አለቃችን ጡረታ ወጡ፣ ላቦራቶሪውም ወደ አዲስ ሕንፃ ተዛወረ። ስመለስ ሁሉም ነገር ያበራል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጠረጴዛው ነጭ። ሳጥኖቹን ፈለግኩ፤ የሉም። ደብተሮቹን ፈለግኩ፤ የሉም። ንብረት ክፍል ሄጄ ጠየቅኩ። «ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ዕቃ ነው፣ ከተሰባበረው ብርጭቆ ጋር ተወግዷል» አሉኝ። ሞዴል 19 የንብረት መቀበያ ደረሰኝ ነው፤ መዝገብ ላይ ስላልነበረ የማንም አልነበረም ማለት ነው።

የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ድሬን ብዙ ነገር አሳጥቷታል፤ ሰውም ንብረትም። ሳጥኖቹን ጎርፍ ወስዷቸው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እነሱን ግን ጎርፍ አልነካቸውም። ጤነኛ ሰው በጠራራ ፀሐይ ነው የጣላቸው። ከዚራ ቤታቸው ሄጄ ለአለቃዬ ስነግራቸው ስለ ስላይዶቹ ብዙም አላሉም። «ደብተሩስ?» ብቻ አሉኝ። እሱም ነው አልኳቸው። ከዚያ ስለ ማንጎ ዛፋቸው ማውራት ጀመሩ። እኔም ተከተልኳቸው።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። የአንድ ሰው ዕድሜ ልክ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከእኔ በኋላ አንድም ተማሪ ሳይማርበት ጠፋ።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። መዝገብ ላይ ያለው ምንድን ነው? «ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጋቲቭ»። ቀለሙ እንዴት እንደነበረ አይናገርም። ማን እንዳነበበው አይናገርም። ቲክ ፊልም ኔጋቲቭ ለማለት በዘይት ሌንስ ቢያንስ 100 ፊልድ (ማይክሮስኮፑ አንዴ የሚያሳየው ክብ ቦታ) መታየት አለበት። ሰልፉ እስከ በሩ በሚደርስበት ቀን 100 ፊልድ ማን ቆጠረ? መዝገቡ ይህን አያውቅም። ስላይዱ ካለ ግን ዛሬም ተመልሶ ይቆጠራል።

ድሬዳዋን ራሷን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ ገባ። በ2019 ቺኩንጉንያ ተከተለ። በ2022 ደግሞ ወባ በደረቁ ወራት፣ ያውም በከተማ መሀል፣ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኖሪያ ሳይቀር ተነሳ። ምክንያቱ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ትንኝ ናት። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች፤ ዝናብ አትጠብቅም። በዚያ ላይ ኤችአርፒ2 የሚባለውን ፕሮቲን የማያመርት ፋልሲፓረም የሚባል የወባ ዓይነት አገራችን ውስጥ ተገኝቷል። ብዙዎቹ አርዲቲዎች (ፈጣን የወባ መመርመሪያዎች) የሚፈልጉት ያንን ፕሮቲን ነው፤ ከሌለ ኔጋቲቭ ይላሉ። እንግዲህ አስቡት። ያለፉት ዓመታት መዝገብ ላይ «አርዲቲ ኔጋቲቭ» ተብሎ ከተጻፈው ውስጥ ስንቱ ይህ ነበር? መዝገቡን አሥር ጊዜ ብትተነትኑት አይነግራችሁም። አንድ ሰው የደም ጠብታ በፊልተር ወረቀት ላይ አድርቆ ስላይዱንም አብሮ ቢያስቀምጥ ኖሮ ዛሬ ይታወቅ ነበር። ያኔ ጥያቄውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የተቀመጠ ናሙና ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ገና ያልተጠየቀ ጥያቄ ይመልሳል።

ስለዚህ ልጄ፣ ናሙናውን ራስሽ ውሰጂ። ጥቂት ይሁን። ከሺህ የመዝገብ መስመር መቶ በእጅሽ የቀባሽው ስላይድ ይበልጣል። አማካሪሽ ቁጥሩ አነሰ ሊልሽ ይችላል። የናሙና መጠን ስሌት መከበር አለበት፤ እሱን አልቃወምም። ግን ማስተርስ የምትማሪው ዲግሪውን ብቻ ለመያዝ ከሆነ ሌላም ቀላል መንገድ አለ።

እዚህ ላይ የሚከነክነኝን ልናገር። የላቦራቶሪ ልጅ መጠይቅ አንጠልጥሎ «እውቀት፣ አመለካከትና ተግባር» እያለ ሲዞር ልቤ አይወደውም። የዚያ ሙያ ሰዎች አሉ፣ ከእናንተ የተሻለ ይሠሩታል። እናንተ ማይክሮስኮፕ አላችሁ። ሌላው ቴሌግራም ነው። ስላይዱን በስልክ አንስታችሁ ግሩፕ ላይ «ምንድን ነው ይሄ?» ብላችሁ ትለጥፋላችሁ። ማጉያው ስንት ነው? በምን ቀለም ነው የተቀባው? በሽተኛው ልጅ ነው አዋቂ? ምንም የለም። በማግሥቱ ፎቶው ከሌላ መቶ ፎቶ ጋር ይቀበራል። ደግሞ ስልክ በማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ደግኖ እንዲህ የጠራ ፎቶ ማንሳት በእኛ ጊዜ ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። አለቃዬ ያን ስልክ ቢያገኙ ዓለም ያዩት ነበር። መሣሪያው በእጃችሁ ነው፤ የጎደለው ደብተሩ ነው።

ማሽን ያሰንፋል እላለሁ ሁልጊዜ፤ ተማሪዎቼ ሰልችቷቸዋል። የደም ሴል የሚቆጥረው ሲቢሲ ማሽን ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) 30,000 ብሎ ያወጣል፣ ልጁ ፈርሞ ይልካል። ደንጊ ባለበት ከተማ ይህ ቁጥር ሀኪሙን ያስደነግጠዋል፤ ደንጊ ፕላትሌት ያወርዳልና። ስላይድ ተቀብቶ ጫፉ ቢታይ ግን አንዳንዴ ፕላትሌቶቹ ተቃቅፈው ክምር ሠርተዋል። ደሙ እንዳይረጋ ቱቦው ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ ነው ያጣበቃቸው፤ ሰውዬው ደህና ነው። በሲትሬት ቱቦ ደግማችሁ ቅዱ፣ ቁጥሩ ይስተካከላል። ይህን ማሽኑ አይጨርስላችሁም። ሆኖም ወደ ቆጠራ ቻምበሩ ተመለስ ብትሉኝ አልመለስም። ነጭ ደም ሴል አንድ በአንድ ስንቆጥር ዓይናችን ጠፍቷል።

ርዕስ ለጠፋባችሁ አንድ ልስጣችሁ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ከ1,800 ሜትር በላይ ናችሁ። ከፍታ ሲጨምር ሄሞግሎቢን ይጨምራል። በሁለቱም ከተሞች ግን «ኖርማል» የምንለው ማሽኑ ይዞት የመጣውን ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር የተሠራው በሌላ አገር ሰው ደም ነው። አንዱ የነጭ ደም ሴል ዓይነት፣ ኒውትሮፊልም እንዲሁ ነው። ጤነኛ ሆኖ ኒውትሮፊሉ በተፈጥሮ ዝቅ ያለ አፍሪካዊ ብዙ ነው። ማሽኑ «ዝቅተኛ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ ሰውዬው ምንም ሳይሆን ይመላለሳል፣ ገንዘቡን ይጨርሳል። የሁለቱን ከተሞች ጤነኛ ሰዎች ደም ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሥራ ለሀኪሞቻችን በየቀኑ ያገለግላል።

ሐኪም ሆናችሁ ፓቶሎጂ የገባችሁም አላችሁ። አራቱ ዓመት በቲሹ ይሞላል፣ ይገባኛል። ግን ወደ ደምና ማይክሮባዮሎጂ ቤንች ውረዱ። ከአንገት ዕጢ በኤፍኤንኤ (በቀጭን መርፌ) ወስዳችሁ «ግራኑሎማ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት መርፌው ውስጥ የቀረውን ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ላኩት። ቲቢ ከሆነ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት የሚሠራለት መሆኑንም አብሮ ይነግራችኋል።

የትኛውን ትራክ (የማስተርስ ዘርፍ) እንምረጥ የሚለውን አልመልስም። ማሽኑን በኮንትሮል ፈትሹ፣ ጓንት አድርጉም አልልም፤ ይህን ለማወቅ እኔ አላስፈልጋችሁም። አማካሪ ስትመርጡ ግን ሁለት ሰው በሚያይበት ማይክሮስኮፕ አብሯችሁ የሚቀመጠውን ምረጡ። ብዙ ያሳተመ ሰው ሁሉ አይቀመጥም።

ስላይድ ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ዘይቱን ጥረጉ፣ በከቨር ስሊፕ (በቀጭን መሸፈኛ መስታወት) አሽጉት፣ ከብርሃን አርቁት፤ ጊምሳ ብርሃን ካገኘው ይደበዝዛል። ስም አትጻፉ፣ ቁጥር ብቻ። ናሙናውን እንደምታቆዩ ፕሮፖዛላችሁ ላይ ግለጹ፣ በሽተኛውን አስፈቅዱ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይወቀው። «መጨረሻ» የምትለዋን ዓምድ አትዝለሉ፤ ለእሷ ዋርድ ድረስ መሄድ አለባችሁ። ተመርቃችሁ ስትወጡ ሳጥኑን ቤታችሁ አትውሰዱት። ለትምህርት ክፍሉ አስረክቡና ሞዴል 19 አስቆርጡለት፤ ቅጂውንም ያዙ።