የአክስቴን የባንክ ካርድ ሌላ ሰው ይዞታል፤ ለማን ላመልክት?

ጥያቄ፦ አክስቴ 76 ዓመታቸው ነው፤ ለንደን ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ የመርሳት ችግርም ጀምሯቸዋል። «እረዳቸዋለሁ» የምትል አንዲት ወዳጃቸው የባንክ ካርዳቸውን ይዛ ጡረታቸውን ታወጣለች፤ ቤታቸው ግን ብዙ ጊዜ ምግብ የለም፤ ስንደውልም ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት። እሳቸው «ገመናዬን ለመንግሥት እንዳትነግር» ይሉኛል። ማስረጃ የለኝም። ለማን ላመልክት? ከቤታቸው ያስወጧቸው ይሆን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ የሚያመለክቱት አክስትዎ በሚኖሩበት ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ለሚገኘው የአዋቂዎች ማኅበራዊ እንክብካቤ ክፍል ነው፤ ሲደውሉም ጉዳዩ «ሴፍጋርዲንግ» (ሰውን ከበደል የመጠበቅ ጉዳይ) መሆኑን በግልጽ ይናገሩ። በእንግሊዝ የሚሠራው እ.ኤ.አ. የ2014 የኬር አክት (የእንክብካቤ ሕግ) በአንቀጽ 42 መሠረት፣ አንድ አዋቂ እንክብካቤና ድጋፍ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ በደል ወይም ቸልተኝነት ከደረሰበት ወይም የሚያሰጋው ከሆነ፣ እንክብካቤ በሚያስፈልገው ችግሩም ምክንያት ራሱን መከላከል ካልቻለ፣ ካውንስሉ ጉዳዩን የማጣራት ግዴታ አለበት። ገንዘብን አላግባብ መጠቀም በሕጉ በግልጽ እንደ በደል ተቆጥሯል። ለካውንስሉ በቂ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ይበቃዋል፤ ማስረጃ ማሰባሰብ የእርስዎ ድርሻ አይደለም፤ ያዩትንና የሰሙትን ከነቀኑ ጽፈው ማቅረብ ግን በእጅጉ ይረዳል።

በየአካባቢው ካውንስሉ፣ ፖሊስና የጤና አገልግሎቱ አብረው የሚቀመጡበት የአዋቂዎች ጥበቃ ቦርድ አለ፤ ሆኖም ቦርዱ አሠራሩን የሚያስተባብር እንጂ የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ የሚያይ ስላልሆነ፣ ለእሱ መጻፍ ጊዜ ያባክናል። የአክስትዎን ጉዳይ የሚይዘው የካውንስሉ ሶሻል ወርከር (ማኅበራዊ ሠራተኛ) ነው፤ እሱም እንደ አስፈላጊነቱ ከሐኪማቸው፣ ከባንኩና ከፖሊስ ጋር ይነጋገራል። ሕይወታቸው አደጋ ላይ መሆኑን ካዩ ግን ካውንስሉን ሳይጠብቁ ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር 999 ይደውሉ።

የአክስትዎ የገመና ፍርሃት የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአእምሮ ብቃት ሕግ ማንኛውም አዋቂ የመወሰን ብቃት እንዳለው በመገመት ይጀምራል፤ ብቃቱም የሚመዘነው በእያንዳንዱ ውሳኔ ስለሆነ፣ ማን ቤታቸው እንዲገባ መወሰን የሚችሉ ሰው የባንክ ሒሳባቸውን ማስተዳደር ላይችሉ ይችላሉ። እሳቸው እምቢ ቢሉም እርስዎ ከመጠቆም አይከለከሉም፤ ካውንስሉም የማጣራት ግዴታው አይቀርለትም፤ ቀጥሎ የሚወሰደው እርምጃ ግን በተቻለ መጠን የእሳቸውን ፍላጎት መከተል አለበት። ጥቆማው በራሱ ከቤት የሚያስወጣ ሥልጣን ለማንም አይሰጥም፤ የሚፈለገውም መፍትሔ በአብዛኛው ቤታቸው ሳሉ ገንዘባቸውን ማስጠበቅና ረዳት መመደብ ነው።

አጥብቄ የምመክርዎ አንድ ነገር አለ። ሶሻል ወርከሩ አክስትዎን ብቻቸውን፣ ገለልተኛ በሆነ አማርኛ አስተርጓሚ እንዲያነጋግር በጽሑፍ ይጠይቁ። ካርዱን የያዘችው ሴት ልታስተረጉም አይገባም፤ እርስዎም ቢሆኑ፣ ቅንነትዎን ሳልጠራጠር፣ ባያስተረጉሙ ይሻላል፤ አረጋውያን በዘመድ ፊት የማይናገሩት ብዙ ነገር አለና። በማጣራቱ ሂደት መሳተፍ በጣም ከከበዳቸውና የሚያግዛቸው ተስማሚ ሰው ከሌለ ደግሞ ካውንስሉ ገለልተኛ ተሟጋች (ሐሳባቸውን እንዲገልጹ የሚያግዛቸው ሰው) ሊመድብላቸው ይገባል።

ሴትየዋ «ውክልና አለኝ» ካለች፣ ውክልናው መመዝገቡን የሕዝብ አሳዳጊ ጽሕፈት ቤት (Office of the Public Guardian) ያለ ክፍያ ያጣራልዎታል፤ ተወካይ ሆና ገንዘቡን አላግባብ ካዋለችም ይኸው ጽሕፈት ቤት ይመረምራታል። የተሰጣትን አደራ ተጠቅማ ሆን ብላ ማጭበርበሯ ከተረጋገጠ እ.ኤ.አ. በ2006ቱ የማጭበርበር ወንጀል ሕግ ልትከሰስ ትችላለች።

ዘመድ መሆን ብቻውን ለእርስዎም የመወሰን ሥልጣን አይሰጥዎትም። አክስትዎ ነገሩን ተረድተው መወሰን የሚችሉ ከሆነ አሁኑኑ ዘላቂ ውክልና (ብቃታቸውን ቢያጡም የሚጸና ውክልና) ለሚያምኑት ሰው መስጠት ይችላሉ፤ ብቃታቸው ካለፈ ግን መንገዱ በጥበቃ ፍርድ ቤት (Court of Protection) በኩል ስለሚሆን ይረዝማል። ካውንስሉ «አናጣራም» ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱ ካላረካዎ ለካውንስሉ አቤቱታ ያቅርቡ፤ ከዚያም የአካባቢ መንግሥትና ማኅበራዊ እንክብካቤ እንባ ጠባቂ ዘንድ መሄድ ይችላሉ።