ልጆቹ ካሜራ ያጠፉባት አስተማሪ

ጥያቄው የደረሰኝ ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አሳጥሬዋለሁ።

«የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትምህርቱን መርጬው ሳይሆን ተመድቤበት ነው የገባሁት። አሁን ግን ወድጄዋለሁ። ችግሩ፣ ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር ‹አማርኛማ ሁሉም ይችል የለ፣ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?› ይሉኛል። ዋሽንግተን ያለችው አክስቴ የ9 እና የ12 ዓመት ልጆቿን በዙም አስተምሪልኝ አለችኝ። ሦስት ቅዳሜ አስተማርኳቸው። በአራተኛው ካሜራቸውን አጠፉ። ከዚያ ጭራሽ መግባት ተዉ። በጣም አፈርኩ። አማርኛን ለማያውቅ ሰው ማስተማር እውነት ሥራ ይሆናል? ወይስ ጊዜ ሳላባክን በማታ አካውንቲንግ ልጀምር?»

እህቴ፣ አካውንቲንጉ ይቆየንና ከካሜራው እንጀምር።

ምን እንዳስተማርሻቸው አልጻፍሽልኝም። ልገምት? ሀ ሁ ሂ ሃ። 33 ፊደል በሰባት ቤት፣ 231። ትንሹ «ሀ»ን ሳይለይ «ሐ» መጣበት፣ ከዚያ «ኀ»። ትልቋ «ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሦስት ሆኑ?» አለችሽ። አንቺም ስለ ግዕዝ ማብራራት ጀመርሽ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። ግን ሁላችንም የምንጀምረው እንደተማርነው ነው። የረሳነው ነገር ቢኖር እኛ ፊደል ስንቆጥር ቋንቋውን አፋችን ላይ ይዘን እንደነበር ነው።

ደግሞ እኮ ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ። እናታቸው ከጠዋት እስከ ማታ ታወራቸዋለች። ግን ምን እያለች? ና፣ ብላ፣ ተነስ፣ ተው፣ ጫማህን አውልቅ፣ አጥፋው። አብዛኛው የቤት አማርኛ ትእዛዝ ነው። መልሱ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ስለዚህ «ብላ» ይገባቸዋል፣ «በላሁ» ማለት ግን አይሆንላቸውም። አያታቸውን «አንቺ፣ ነይ» ሲሏቸው አንዱ ዘመድ ይስቃል፣ ሌላው ይቆጣል። ልጆቹ ግን ባለጌ ሆነው አይደለም። ለ9 ዓመት ልጅ «ይምጡ» የሚል ማን አለ? ያልተባሉትን ከየት ያምጡት?

እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ወር ፊደል የሚባል አላነሳም። ከሚያውቁት «ብላ» ተነስቼ ወደ «እበላለሁ» እና «አልበላም» እወስዳቸዋለሁ። «አልበላም»ን አስቀድሚ። የ9 ዓመት ልጅ ይህን ቃል አጥብቆ ይፈልገዋል። ፊደሉን ደግሞ በስማቸው ጀምሪው። ስሙን መጻፍ የማይወድ ልጅ አላየሁም።

አንድ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ወጣት ሳለሁ አንድ የውጭ ዜጋ አስተምር ነበር። ወሩ ታኅሣሥ ነው። «ገና መቼ ነው?» አለኝ። «ገና ገና ነው» ብዬ ጻፍኩለት። ደብተሩን ትኩር ብሎ አየና «ሁለቱ ቃል አንድ ነው?» አለኝ። አይደለም፣ በዓሉ «ና» ላይ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል። «ታዲያ ጽሑፉ ላይ በምን ልለየው?» አለ። «ይታወቃል» አልኩት። እሱ እንደማይታወቀው ፊቱ ላይ አየሁት። ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ ቃል ስለቅም አመሸሁ። «አለ» ስንል ተናገረ ወይስ ይገኛል? «ዋና» ውሃ ውስጥ ነው ወይስ ዋነኛ ማለት ነው? «ይመታል» መቺው ነው ወይስ ተመቺው? ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው የኖርኩትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ዩኒቨርሲቲ መጥበቅና መላላትን በደንብ ተምሬያለሁ፣ ተፈትኜም አልፌያለሁ። ከፊቴ የተቀመጠ ሰው ሲጠይቀኝ ግን መልሱ አልመጣልኝም።

ዘመዶችሽ «ሁሉም ይችል የለ» ሲሉሽ ይህን አስቢ። ከፈለግሽ ደግሞ ስለ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ስለ አባ ጎርጎርዮስ ንገሪያቸው። በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ተምሮ ነበር። አማርኛውን ግን የወሰደው ከእሳቸው ነው። በኋላም ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው አስተማሩት። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 ሲታተም እሳቸው በሕይወት አልነበሩም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ ሰጥመው አርፈዋል። እንግዲህ ሥራው አለ ወይ ላልሽው፣ ከ370 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ልዋሽሽ አልፈልግም። በየወሩ የሚገባ ደመወዝ አድርገሽ አታስቢው፣ በተለይ መጀመሪያ ላይ። ፈላጊ ግን አለ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ሲያሠለጥን ለስፓኒሽ 30 ሳምንት ገደማ፣ ለአማርኛ 44 ሳምንት ይመድባል። ከበድ ካሉት ቋንቋዎች መድቦታል ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የኤምባሲና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች አሉ። ውጭ አገር እንደ አክስትሽ ልጆች ያሉ አሉ። እንደ ሃምቡርግና ናፖሊ ባሉ ከተሞች አማርኛ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ፣ እዚያ ግን ቢያንስ ማስተርስ ይጠይቁሻል። ኦንላይን አስተማሪና ተማሪ የሚያገናኙ መድረኮችን ከሞከርሽ ኮሚሽናቸውን ቀድመሽ እዪ፤ የሙከራውን ክፍለ ጊዜ ክፍያ ሙሉ በሙሉ የሚወስድም አለ። ገንዘቡ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዴት እጅሽ እንደሚገባም ሳታጣሪ አትመዝገቢ። የአስተርጓሚነት ሥራም አለ። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች የቋንቋ አገልግሎት እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ አላት፣ አማርኛም ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እሱ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው። አስተማሪ ሁሉ ጥሩ አስተርጓሚ አይሆንም።

አሁን ምን ታድርጊ? የመመረቂያ ጥናትሽ ርዕስ እጅሽ ላይ ነው። እነዚህ ሁለት ልጆች ምን ይሳሳታሉ? «አንቺ» የሚሉት ለማን ለማን ነው? የትኛውን ግሥ በትእዛዝ ብቻ ያውቁታል? አክስትሽን አስፈቅደሽ ትምህርቱን ቅረጪ። ስለ አንድ ልብ ወለድ የገጸ ባሕርይ አሳሳል መቶኛውን ጥናት ከምትሠሪ ይህ ይሻልሻል። አማካሪሽ ፊት ቢነሳሽም ተከራከሪ።

ሁለተኛው ነገር፣ አንቺ ራስሽ ከዜሮ ተማሪ ሁኚ። አፋን ኦሮሞ የማትችዪ ከሆነ እሱን ጀምሪ፣ ለሥራም ይጠቅምሻል። አዲስ አበባ ካለሽና አቅም ከፈቀደ ደግሞ ፒያሳ ያለው አሊያንስ ፍራንሴዝ ገብተሽ አንድ ዙር ፈረንሳይኛ ተማሪ። ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያስተምር የኖረ ቤት ነው። ፈረንሳይኛው ባይገባሽም ግድ የለም። አስተማሪው የመጀመሪያዋን ሰዓት ቃል ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚጀምራት እዪና ሰርቀሽ ውጪ። እንግሊዝኛሽንም አጠንክሪ። የመውጫ ፈተናውንም እንዳትረሺ፣ ያለ እሱ ዲግሪ የለም።

አካውንቲንግ? ቁጥር የምትወጂ ከሆነ ግቢ። ለዘመድ መልስ ለመስጠት ብለሽ ከሆነ ግን ተዪው። የዘመድ ጥያቄ አያልቅም፣ ከዲግሪው በኋላ «መቼ ነው የምታገቢው?» ይመጣል።

አክስትሽን ደግሞ ክፍያ ጠይቂያት። ትንሽም ብትሆን በወር የተቆረጠች ትሁን። በነፃ ከሆነ ልደት በመጣ ቁጥር የሚሰረዘው ያንቺ ትምህርት ነው። ልጆቹን ለመመለስ ግን ቅዳሜ ዙሙ ላይ አያታቸውን አስገቢያቸው። ልጆቹ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋቸው፣ «እንዴት አደሩ?»። መጀመሪያ ቀን አራት ጊዜ ቢሳሳቱም አያትየው አይቸኩሉም።