የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ናስ በሚወለወልበት በርሜል ውስጥ ምን ይጨመር?

ጥያቄ፦ የምኖረውና የምሠራው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ አጠገብ ነው። ከብረታ ብረት ለቃሚዎች በኪሎ የምገዛውን የተተኮሰ የጥይት ቀለህ አቅልጬ ዶቃና ትንንሽ የአንገት መስቀል እሠራለሁ። እስካሁን የምወለውለው በእጄ፣ በሎሚና በአመድ ነበር፤ ሥራው ሲበዛብኝ ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በወጣ ሞተር የሚሽከረከር የፕላስቲክ በርሜል አሠራሁ። መጀመሪያ የወንዝ አሸዋ ጨመርኩበትና የመስቀሎቹ ቅርጽ ተበልቶ ወጣ። ቀጥሎ ሩዝ ሞከርኩ፤ የዶቃዎቹን ቀዳዳ ስለደፈነው እያንዳንዱን በመርፌ ስጎረጉር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አሁን አንዳንዱ ከውጭ የሚመጣ የዎልነት (ጠንካራ ቅርፊት ያለው የለውዝ ዓይነት ፍሬ) ቅርፊት፣ ሌላው ትንንሽ የማይዝግ ብረት መርፌ እንድገዛ ይመክረኛል። ገንዘቤን በየትኛው ላይ ላውጣ? ቀለሁንስ ከማቅለጤ በፊት ማጠብ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አሸዋውና ሩዙ የጎዱዎት በተለያየ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ ምርጫውን ያቀልልዎታል። የወንዝ አሸዋ አብዛኛው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ሲሆን በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይቆማል፤ ናስ ግን ከ3 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ አሸዋ ናስን ይሞርዳል እንጂ አይወለውልም። የሩዝ ጥፋት ከልኩ የመጣ ነው። ማንኛውም መፈተጊያ፣ ማለትም ለመወልወል በርሜሉ ውስጥ የሚጨመር ነገር፣ ወይ በሚወለወለው ዕቃ ቀዳዳ ውስጥ ሳይያዝ የሚያልፍ፣ ወይ ጭራሹን የማይገባ መሆን አለበት፤ በመካከል ያለው ሁሉ ይወተፋል። የዶቃዎ ቀዳዳ 2 ሚሊሜትር ከሆነ ፍርፋሪው ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙ የማይበልጥ፣ አለዚያ ከ3 ሚሊሜትር የማያንስ ይሁን። ሁለት ወንፊት፣ አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ፣ ከማንኛውም ከውጭ ከሚመጣ ዕቃ በፊት ቢገዙ ይሻልዎታል።

ቀለሁን ማጠብዎ ግዴታ ነው ብዬ እመልስልዎታለሁ፤ ይህን የምለው ስለ ውበት ብዬ አይደለም። ጥይቱን የምታቀጣጥለው፣ በቀለሁ ግርጌ መሀል ያለችው ትንሽ ክዳን በብዙዎቹ ጥይቶች ውስጥ የእርሳስ ውህድ የያዘች በመሆኗ፣ ከተተኮሰ በኋላ በቀለሁ ውስጥ በሚቀረው ጥላሸት ውስጥ እርሳስ አለ። ይህን ጥላሸት በደረቅ መፈተጊያ ቢያሽከረክሩት ወደ ደቃቅ አቧራ ተለውጦ ወደ ሳንባዎና በግቢው ወደሚጫወቱት ሕፃናት ይደርሳል፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እጥበት ምንጊዜም በውሃ ይሁን። ከዚያም በፊት ቀለሁን አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ አረሩ ያልወጣለት ሙሉ ጥይት ካገኙ ሳይነካኩ ለፖሊስ ያስታውቁ፤ ግርጌው ላይ የመመታት ምልክት የሌለበትን ቀለህም ወደ በርሜሉም ሆነ ወደ እሳቱ አይላኩት። ማግኔትም ይያዙ፤ ከክላሽ ቀለህ ብዙው ቀለም ወይም ስስ መዳብ የተቀባ ብረት እንጂ ናስ አይደለም፤ በማግኔቱ የተያዘውን ለይተው ያውጡ።

ወደሚቀልጥ ቀለህ ከመጣን፣ ነጋዴዎቹ የሚመክሩዎትን የብረት መርፌ አይግዙ። ውሃ፣ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና አንድ ቁንጥር ሲትሪክ አሲድ (በሎሚ ውስጥ ያለው አሲድ) ጨምረው ቢያሽከረክሩት ቀለሁ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይጸዳል። በውስጡ ትንሽ ጥቁረት ቢቀርም፣ አብዛኛው ጥላሸት በውሃው ወጥቶልዎታል፤ ሊያቀልጡት ያለውን ነገር እስኪያብረቀርቅ መድከም የመብራትና የጊዜ ብክነት ነው። መርፌው ዋጋውን የሚያወጣው ቀለሁን በቅርጹ እንዳለ ቆርጠው ቀለበት ወይም የአንገት ጌጥ ለሚያደርጉ ሰዎች ነው፤ ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጥ ውፍረትና ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ርዝመት ስላለው ሌላ መፈተጊያ የማይደርስበት የቀለሁ ውስጥ ድረስ ይገባል። ወደፊት ወደዚያ ሥራ ከገቡ ለ1 ኪሎ ቀለህ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ መርፌ፣ 4 ሊትር ያህል ውሃና ሩብ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይበቃል። አሲዱን አብዝተው ወይም ሌሊቱን ሙሉ ትተውት ቢያድሩ በናሱ ውስጥ ከመዳብ ጋር የተቀላቀለው ዚንክ ከላይ እየተበላ ናሱ ወደ መዳብ ቀይነት ይለወጣል። ርካሽ ነው ብለው የማይዝግ ሽቦ ራስዎ ቢቆራርጡ ደግሞ የተቆረጠው ጫፍ ስለት ስለሚሆን መስቀልዎን ይቧጭረዋል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወዳለቀለት ዶቃና መስቀል እንመለስ። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የምመርጠው በቆሎ ከተፈለፈለ በኋላ የሚቀረውን ቆረቆንዳ ነው፤ በአገራችን በየገበያው ዳር የሚጣለው ይህ ነገር በውጭ አገር ለቀለህ መወልወያ ተብሎ ተፈጭቶ በከረጢት ይሸጣል። ለስላሳ ስለሆነ ቅርጽ አይበላም፤ ቅባትና እርጥበትንም ይመጥጣል። ቆረቆንዳውን በፀሐይ በደንብ ያድርቁት፣ በወፍጮ ወይም በሙቀጫ ይሰባብሩት፣ ከዚያ በሁለቱ ወንፊቶች ልኩን ይለዩ፤ ዱቄት የሆነውን ግን ይጣሉት። የዎልነት ቅርፊት ከቆረቆንዳ የጠነከረና ስለታም በመሆኑ ጥቁረትን በፍጥነት ያነሳል፤ ነገር ግን እንጦጦ ግርጌ ላለ ሰው የኮክ ፍሬ ድንጋይ ተመሳሳይ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላልና፣ በኮክ ወቅት ድንጋዩን ሰብስበው ውስጡን ለውዝ መሳይ ፍሬ አውጥተው ቅርፊቱን ብቻ ፈጭተው ይሞክሩት። እሳት ያጠቆረውን ዶቃ በመጀመሪያ በኮኩ ቅርፊት ሁለት ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ በቆረቆንዳው ሦስት አራት ሰዓት ያሽከርክሩ። የሰጋቱራ ጥቅም ከታጠበ በኋላ ማድረቅ ላይ ነው፤ ሙጫ ካለው እንጨት የወጣውን ግን ይተዉት።

በርሜሉ ከነመፈተጊያው እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይሙላ፤ የሚወለወለው ዕቃ በመፈተጊያው ውስጥ ተቀብሮ እንዲንከባለል መፈተጊያው በዝቶ ዕቃው ያንስ። ፍጥነቱም ሊታሰብበት ይገባል። የውስጥ ስፋቱ 20 ሳንቲሜትር የሆነ በርሜል በደቂቃ 95 ጊዜ ገደማ ከዞረ ሁሉም ነገር ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይዞራል፤ ከ50 እስከ 60 ሲሆን ግን እንደ ፏፏቴ እየተናደ በደንብ ይፋተጋል። የልብስ ማጠቢያ ሞተር ከዚህ እጅግ የፈጠነ ስለሆነ በፑሊና በቀበቶ ይቀንሱት።

በቆረቆንዳው ላይ ጥቂት የመኪና ቀለም መወልወያ ጠብ ቢያደርጉ ብርሃኑ ይጨምራል፤ አሞኒያ ያለበትን ፈሳሽ የናስ መወልወያ ግን እባክዎ አይጨምሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ስትገዛ በነበረችው ሕንድ፣ በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ የተከማቸ ጥይት ቀለሁ እየተሰነጠቀ ይገኝ ነበር፤ ምክንያቱም ከፈረሱ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ ሲቀረጽ የተፈጠረ ውጥረት በውስጡ ያለበትን ናስ መሰንጠቁ ነበር። የእርስዎ ቀልጦ የተቀዳ ዶቃ ብዙ ውጥረት ባይኖርበትም፣ ቀጥቅጠው ያጎበጡት የእጅ አምባር ወይም የመስቀል ማንጠልጠያ በዚሁ መንገድ ከወራት በኋላ ከደንበኛዎ እጅ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቆረቆንዳው ጠቁሮ መወልወሉን ሲያቆም ይቀይሩት። ቀለህ ባጠቡበት በርሜል ዶቃ አይወልውሉበት፤ ሁለተኛ በርሜል ይኑርዎት። የእጥበቱን ውሃ ጎመን ወደተተከለበት መደብ አይድፉ፤ አሳድረው አጥልለው ዝቃጩን በተዘጋ ዕቃ ይያዙ፤ እጅዎን ሳይታጠቡም እህል አይንኩ።