መልስ፦ አሮጌው የመስኖ ቦያችን መብራት ያመነጭ ይሆን?

ወንድሜ፣ ሸዋሮቢት አካባቢ ያለው አሮጌ የመስኖ ቦያችሁ መብራት ይወጣዋል ወይ ነው ጥያቄህ። ሊወጣው ይችላል፤ ግን መጀመሪያ ውሃው ቁልቁል የሚወድቅበትን ቦታ ፈልግ። ሜዳ ለሜዳ ብቻ ከሆነ ተወው። በሴኮንድ 100 ሊትር ውሃ 4 ሜትር ቢወርድ፣ ብክነቱ ተቀንሶ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎዋት ታገኛለህ። አምፖልና ስልክ ይበቃዋል፤ የእንጀራ ምጣድ ግን እንዳታስብ!

ተርባይኑ፣ ማለትም ውሃው የሚያሽከረክረው ማሽን፣ ውሃ አይጠጣም፣ መልሶ ወደ ቦዩ ይለቀዋል። ጠላቱ ደለል ነው። ክረምት ላይ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ አሸዋ ይዞ መጥቶ ምላጩን ይበላዋል። ከመግቢያው በፊት የደለል ማስቀሪያ ገንዳና የብረት ወንፊት የግድ ነው። የተሰነጠቀውን ቦይ ሳትጠግኑም ማሽን አትግዙ፣ ውሃው መንገድ ላይ ያልቃል። የመስኖውን ውሃ ከሚያከፋፍሉት የውሃ አባቶችም ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ውሃው በተራ ወደ ሌላ ቦይ ሲዞር መብራቱም አብሮ ይጠፋል።