ለወጣት የመገናኛ መኮንኖች

ልጆቼ፣ ለሰላም ማስከበር የሚዘምት ሻለቃ ሲዋቀር የስም ዝርዝሩ የሚሞላው ከእግረኛው ጀምሮ ነው። ሾፌሩና ሐኪሙ ሳይቀሩ ከተመደቡ በኋላ «የሬዲዮ ሰው ስንት ጎደለ?» ይባላል። ያን ጊዜ የሚላክላችሁ የቀድሞ ክፍሉ ሊሸኘው የማይሳሳለት ሰው ነው፤ ጎበዙንማ ማን አሳልፎ ይሰጣል? ስለዚህ ምደባው በሚጀመርበት ስብሰባ ላይ፣ ባትጠሩም እንኳ ተገኙ።

ሰው ስትጠይቁ በሬዲዮ ብዛት ሳይሆን በፈረቃ አስሉ። ቀንና ሌሊት የማይዘጋ አንድ ጣቢያ በ8 ሰዓት ፈረቃ 3 ሰው ይፈልጋል። አንዱን ወባ ከጣለው ሁለቱ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ሳምንት ሳይሞላ ጥሪ ሲመጣ እንቅልፍ ጥሏቸው ይገኛሉ። በእነርሱ አልፈርድም፤ የምፈርደው በመዳቢው ነው። እኔ ብሆን ለአንድ ጣቢያ ከ5 ሰው በታች አልፈርምም።

በሱዳንና በደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ ያለችውን አብዬን አስቡ። የጸጥታው ምክር ቤት ሰኔ 20 ቀን 2003 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 1990 እስከ 4,200 ወታደር ሲፈቅድ ሸክሙ በአብዛኛው የወደቀው በኢትዮጵያ ላይ ነበር። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር መንገድ ይዘጋል፤ ራቅ ብሎ የሰፈረ ጓድ ከሬዲዮና ከሄሊኮፕተር ሌላ የሚያገናኘው አይኖርም። በአጭር ሞገድ ደግሞ ቀን የሠራው ፍሪኩዌንሲ ሲመሽ ይከዳል፤ ወደ ዝቅተኛው መውረድ ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ኦፕሬተር ደህናውን ሬዲዮ ተበላሽቷል ብሎ ሪፖርት ያደርጋል።

ስለዚህ ስትመርጡ የምስክር ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጉና ሽቦና ሜትር ስጡት። «ለ5 ሜጋኸርዝ ዳይፖል አንቴና (መሐሉ ላይ ከገመድ ጋር የሚገናኝ የሽቦ አንቴና) ቁረጥ» በሉት። የዳይፖል ርዝመት የሚሰላበትን ቁጥር 143ን ለ5 አካፍሎ 28 ሜትር ተኩል ገደማ ለክቶ፣ መሐሉ ላይ ቆርጦ ከመጋቢው ገመድ ጋር ካገናኘው ያዙት። ማዕረጉ ዝቅ ያለ ቢሆንም ያዙት።

አዛዡ የጠየቃችሁትን ሰው አልሰጥም ካለ በገንዘብ አናግሩት። የተባበሩት መንግሥታት የመገናኛ መስመር የሚደርሰው እስከ ሻለቃው ማዘዣ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው መገናኛ የራሳችን ስለሆነ በፍተሻ ወቅት ካልሠራ ድርጅቱ ለአገራችን የሚከፍለው ተመላሽ ክፍያ ይቀነሳል። ስለ አንቴና የማይሰማ አዛዥ ስለ ክፍያ ይሰማል።

ከምትተኩት ሻለቃ የመገናኛ ቡድን ጋር የምታደርጉትን ርክክብም አታስቸኩሉት። የትኛው ጄኔሬተር ሲነሳ ሬዲዮው ላይ ጩኸት እንደሚያስገባ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ተሰናባቹ አጠገባችሁ ተቀምጦ ያሳያችሁ። የበረራው መርሐ ግብር አይፈቅድም ቢሏችሁ፣ የእናንተ የመገናኛ ቡድን በመጀመሪያው አውሮፕላን እንዲገባ፣ የተሰናባቹም በመጨረሻው እንዲወጣ በጽሑፍ ጠይቁ።